አልነሳ ያለ ሞተር



የሰፈራችን ልጆች መጥተው "ጋሼ፣ ስለ ሞተር አንድ ምሽት ያስተምሩን" አሉኝ። ሞተር ሰፊ ነገር ነውና "ከምኑ ልጀምር?" ብላቸው፣ አንዱ ፈጠን ብሎ "ጠዋት አልነሳ ሲለን ምን እናድርግ? እሱን ብቻ ይንገሩን፤ ሌላው ይቆየናል" አለኝ። ልጁ እውነቱን ነው። ጠዋት ያልተነሳ ሞተር የዚያን ዕለት ገቢ ይዞ ይቀራል። ዕቃው እንዲደርስለት የሚጠብቅ ደንበኛ አይታገሥም፤ የሞተሩ ባለቤት ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ እሱም የቀኑን ሒሳብ ይፈልጋል። ስለዚህ የዛሬው ርእሴ እሱ ብቻ ነው፤ አልነሳ ያለ ሞተር።

ዋናውን ነገር ገና ከመነሻው ልናገረው፤ ደጋግሜ ስለምለውም እንዳትሰለቹኝ። አልነሳ ያለ ሞተር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጨርሶ አይዞርም። ሌላው ይዞራል፣ ግን አይነሳም። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም አይገናኝም። የትኛው እንደሆነ ሳትለዩ መፍቻ አታንሡ፤ ከኪሳችሁም ብር አታውጡ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ ከእኛ ሩቅ አይደለም። መርካቶም እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። መለዋወጫ በቅርብ መገኘቱ ትልቅ በረከት ነው፤ ክፍለ ሀገር ያለ ሰው አንዲት ካቦ ለማግኘት በአውቶቡስ መልእክት ይልካል። ግን ቅርበቱ አንድ ክፉ ልማድ አስለምዶናል። ሞተሩ አልነሳ ሲል ካንዴላ እንቀይራለን። ካልሆነ ቦቢና። ካልሆነ ካርቡራቶር። እንዲህ እያልን የአንድ ሳምንት ገቢ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ሲታይ የተጣለው ዕቃ ሁሉ ደህና ነበር። ለኔ ይህ የሚያስቆጭ ነገር ነው። ብሩ የተገኘው በፀሐይና በዝናብ፣ በመኪና መሐል እየተሽሎከለኩ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የከተማው አስተዳደር በሞተር ሳይክሎች ላይ እገዳ ከጣለ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ሳይክል እንደ ልብ የሚነዳ አይደለም፤ የሚሠራው ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ነው። ፈቃድ ያለው ሞተራችሁ ሲቆም ፈቃድ የሌለው ሞተር ተውሳችሁ መሥራት አትችሉም። ስለዚህ ያለችውን አንዲት ማሽን ጠንቅቆ ማወቅ ግድ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የምጀምረው ከሞተር ሳይክል ሳይሆን ሞተር ከተገጠመለት ብስክሌት ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ብስክሌት የሠራችሁ እንዳላችሁ ነግረውኛል። በመንገድ ላይ ለመንዳት የሚያስፈልገውን ፈቃድ አስቀድማችሁ እንድታጣሩ አደራ እላለሁ፤ ማሽኑ ግን ለትምህርት የሚያህለው የለም። ባትሪ የለውም። ሞተሪኖ የለውም። ሁሉ ነገሩ ዓይን ፊት ነው። እሱን የተረዳ ሰው አፓቼና ቦክሰር የሚባሉትን ሞተር ሳይክሎችም፣ ባጃጁንም ይረዳል።

በዚህ ማሽን የሚያፍር ካለ አንድ ታሪክ ልንገረው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ፣ በ1946 እ.ኤ.አ.፣ ጃፓን ውስጥ ሐማማትሱ በምትባል ከተማ ሶይቺሮ ሆንዳ የተባለ መካኒክ ለጦር ሠራዊቱ የመገናኛ ሬዲዮ ኤሌክትሪክ ያመነጩ የነበሩ ትናንሽ ሞተሮች አገኘ። ጦርነቱ አልቋልና የሚፈልጋቸው አልነበረም። ወስዶ ብስክሌት ላይ ገጠማቸው። ለመጀመሪያው ሙከራ ሰልባቲዮ ያደረገው በብርድ ጊዜ አልጋ ውስጥ የሚገባ የሙቅ ውኃ መያዣ ነበር። ቤንዚን በራሽን ስለነበር ከጥድ ሥር የሚወጣ ዘይት እየቀላቀለ ነዳበት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ አቋቋመ። ያ ኩባንያ በ1958 ያወጣት ሱፐር ከብ የተባለችው ሞተር ሳይክል በ2017 እ.ኤ.አ. ቁጥሯ 100 ሚሊዮን ደረሰ። መነሻው ብስክሌት ላይ የታሰረ ሞተር ነው።

ዛሬ ብስክሌት ላይ የሚገጠሙት ትናንሽ ሞተሮች አብዛኞቹ የቻይና ሥራ ናቸው፤ ባለ ሁለት ምት ናቸው። 80 ሲሲ ተብለው የሚሸጡት በርካታዎቹ ሲለኩ 66 ሲሲ ገደማ ናቸው፤ ጉልበት ጠብቃችሁ እንዳታዝኑ ብዬ ነው። የሚነሡት እንዲህ ነው። ፍሪሲዮኑን ጨብጣችሁ ፔዳል ትመታላችሁ። ብስክሌቱ ፍጥነት ሲይዝ ፍሪሲዮኑን ትለቃላችሁ። ያኔ የኋላው ጎማ በካቴናው አድርጎ ሞተሩን ያዞረዋል። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ሞተሩ ጎማውን አይደለም የሚያዞረው፤ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው።

እንግዲህ ፍሪሲዮኑን ስትለቁ ሞተሩ አልዞር ካለ ከሁለት ነገር አንዱን ታያላችሁ። ወይ ጎማው ድርቅ ብሎ ይቆልፍና አስፋልቱ ላይ ይንሸራተታል፤ ወይ ጎማው ምንም እንዳልተፈጠረ መዞሩን ይቀጥላል፣ ሞተሩ ግን ጸጥ ይላል። ከዚህ በላይ ግልጽ ምልክት የለም። ማሽኑ ራሱ ቦታውን ይጠቁማችኋል።

ጎማው በነፃ የሚዞር ከሆነ ሞተሩ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ነገር ነው የላላው። መጀመሪያ የፍሪሲዮኑን ካቦ እዩ። እጀታውን ሳትጨብጡ ካቦው ተወጥሮ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በግማሽ ተጨብጦ እንዳለ ቁጠሩት፤ ስለዚህ አይነክስም። እጀታው ከመያዙ በፊት ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ላላ ማለት አለበት። ይህ በአንዲት መፍቻ የሚስተካከል ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ካቦው ደህና ከሆነ በሞተሩ በስተቀኝ ያለውን ክዳን ክፈቱ። የፍሪሲዮኑ መያዣዎች ላይ ግራሶ ወይም ዘይት ፈስሶ ይሆናል፤ በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ጥረጉት። ወይም አልቀው ይሆናል። ወይም ደግሞ ማርሹን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው ትንሿ የብረት ሽብልቅ ተቆርጣ ይሆናል፤ ያኔ ማርሹ ይዞራል፣ ዘንጉ ግን ቆሞ ያየዋል።

ጎማው የሚቆልፍ ከሆነ ጉዳዩ ከበድ ይላል፤ እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ፍሪሲዮኑን ጨብጣችሁ ብስክሌቱን ወደፊት ግፉት። ያኔም ከቆለፈ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ውስጥ አይደለም፤ ካቴናው ተጠምዷል፣ ወይም ፍሬኑ ይዟል፣ ወይም የጥርሱ ማሰሪያ ብሎን ወጥቶ ሬጆውን ይነካል። ሲጨበጥ በነፃ የሚሄድ፣ ሲለቀቅ የሚቆልፍ ከሆነ ግን ያዢው ሞተሩ ነው።

እሺ፣ ሞተሩ ከሆነስ? ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ልቡ ይሞትና "ፒስተኑ ተጣብቋል" ይላል። ቆይ። ከዚያ በፊት ካንዴላውን ፍቱ። ካንዴላው ሲወጣ ሞተሩ ከዞረና ከቀዳዳው ቤንዚን ከወጣ፣ ሌሊቱን የቤንዚኑ ቧንቧ ሳይዘጋ አድሮ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጠራቅሟል ማለት ነው። አየር ይታመቃል፤ ፈሳሽ አይታመቅም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ቤንዚኑ ገጥሞት ነው የቆመው። በጉልበት ገፍታችሁ ቢሆን ኖሮ ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ ሊጎብጥ ይችል ነበር። ይህን ስትሠሩ ሲጋራም ምድጃም በአቅራቢያ እንዳይኖር፤ ካንዴላውም በኬብሉ ላይ ተሰክቶ ከቀዳዳው አጠገብ አይንጠልጠል። ከቀዳዳው የሚወጣው የቤንዚን ብናኝ ነው፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ካንዴላው ወጥቶም ካልዞረ ሁለቱን የጎን ክዳኖች ክፈቱ። አንድ ልጅ ብስክሌቱን እየጎተተ መጥቶ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ።

"ጋሼ፣ ሲሊንደሩ ነክሷል ተብዬ አዲስ ሲሊንደርና ፒስተን ገዝቻለሁ፤ ይግጠሙልኝ" አለኝ።

"ማን ከፍቶ አየው?"

"ማንም አልከፈተውም። ሲቆልፍ አይተው ነው የነገሩኝ።"

የቀኙን ክዳን ከፈትነው። እዚያ ውስጥ ሁለት ማርሾች አሉ፤ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ። ትልቁ ላይ የፍሪሲዮኑን ማስተካከያ ዳዶ እንዳይላላ የምትይዝ አንዲት ብሎን አለች፤ ከስንዴ ፍሬ እምብዛም አትበልጥም። በንዝረት ላልታ ወድቃለች። ወድቃም ሁለቱ ማርሾች ጥርስ ለጥርስ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ተሰንቅራለች። ጎማውን ትንሽ ወደ ኋላ ስንገፋው ማርሾቹ ተላቀቁ፤ በፒንሳ ጫፍ ያዝናትና አወጣናት። ጥርሶቹን አንድ በአንድ እያዞርን አየን፤ አንዱ ጫፉ ከመቧጨሩ በቀር ደህና ነበሩ። ሞተሩ በእጅ ሲገፋ ለስልሶ ዞረ። ልጁ አዲሱን ሲሊንደር ከነካርቶኑ ይዞ ቆሞ ነበር። የሸጠው ሰው አልመልስም እንዳለው ኋላ ሰማሁ።

ይህ ነው እንግዲህ የምለው። ምልክቱ ትክክል ነበር፤ ሞተሩ አይዞርም። ግን አንድ ክዳን፣ ሦስት አራት ብሎን ፈትቶ ያየ ሰው አልነበረም።

በግራው በኩል ደግሞ እሳት የሚያመነጨው ማግኔትና ጥቅሉ አለ። የጥቅሉ ብሎኖች ሲላሉ ጥቅሉ ማግኔቱን ይነካውና ይይዘዋል። ማግኔት ስለሆነም በአካባቢው የወደቀ የብረት ፍርፋሪ ሁሉ ይስባል። ጠርጉት፣ ብሎኖቹን አጥብቁ፣ ማግኔቱ ምንም ሳይነካ መዞሩን በእጃችሁ አረጋግጡ።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልዞረ፣ አዎ፣ ፒስተኑ ተጣብቋል። እንዲህ ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር የራሱ የዘይት ቋት የለውም። የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ በሚገባው ዘይት ነው። ለነዚህ ትናንሽ ሞተሮች የተለመደው ልክ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 50 ሚሊ ሊትር ያህል የባለ ሁለት ምት ዘይት ነው፤ ሞተሩ አዲስ ሲሆን ትንሽ ይጨመርበታል። "ዛሬ ዘይት አልያዝሁም፤ ለአሁን ንጹሕ ቤንዚን ልጨምርና ነገ እቀላቅላለሁ" ማለት ሞተሩን በገዛ እጅ መግደል ነው። የጓደኛችሁ ባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል ንጹሕ ቤንዚን ይጠጣል፤ የናንተ ብስክሌት አይጠጣም። ይህን ቤት ውስጥ ላሉት ሁሉ ንገሩ፤ ወንድም ለወንድሙ ሊረዳ ብሎ ንጹሕ ቤንዚን ሞልቶ የሚገድለው ሞተር ብዙ ነው።

የተጣበቀ ፒስተን ሁሉ የሞተ አይደለም። በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት አፍስሱበት፤ አሳድሩት። በማግሥቱ ጎማውን ወደፊትና ወደኋላ በቀስታ አወዛውዙት። ዝገት ብቻ ከሆነ የያዘው ይለቃል። በመኪና ማስጎተት፣ በመዶሻ መምታት ግን አይሆንም። ከለቀቀም በኋላ ቴስታታውን አንሥታችሁ ሲሊንደሩን በጣታችሁ ዳስሱት። ለስላሳ ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለው ያን ጊዜ ሶማሌ ተራ ሂዱ፤ አሁን የምትገዙትን አውቃችኋልና።

ሞተር ሳይክል ያላችሁ ደግሞ ይህንኑ ወደራሳችሁ ውሰዱት። በእግር ስትረግጡት ማስነሻው አልወርድም ብሎ ድርቅ ካለ እንደ ቆለፈው ብስክሌት ነው፤ እንዳትዘሉበት። ምንም ሳይቋቋም እንደ ባዶ ነገር ወርዶ ከቀረ ማስነሻው ውስጥ ያለው ጥርስ አልያዘም፣ ወይም ሞተሩ ኮምፕሬሽን አጥቷል። በቁልፍ የሚነሳ ከሆነ ድምፁን ስሙ። ቀጭ ብሎ የሚቀር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ነው፣ ወይም የባትሪው ጫፎች ዝገዋል፤ ያረፈ ደህና ባትሪ ሲለካ ከ12.5 ቮልት በላይ ያሳያል። ጨርሶ ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ በቀኝ እጃችሁ በኩል ያለችውን ቀይዋን ማጥፊያ እዩ። ፊውዙን እዩ። ማርሽ ውስጥ ገብቶም ይሆናል፤ አንዳንዱ ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ካልተጨበጠ ወይም ጎኑ ላይ ያለው መቆሚያ ካልታጠፈ አይዞርም፤ እንዲያ ሆኖ የተሠራው ለናንተው ደኅንነት ነው።

ወደ ሁለተኛው ዓይነት ልለፍ። ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይነሳም። ከዚህ ወዲያ ማርሽና ፍሪሲዮን መክፈት የለም። የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው፤ እሳት አለ ወይ? ቤንዚን ይደርሳል ወይ? ኮምፕሬሽን አለው ወይ?

እሳቱን ለማየት ካንዴላውን ፈትታችሁ ኬብሉ ላይ ሰክታችሁ፣ ብረቱን ከቀዳዳው ራቅ አድርጋችሁ ከሞተሩ አካል ጋር አስነኩትና ሞተሩን አዙሩ። ጥላ ቦታ ሁኑ፤ ፀሐይ ላይ ብልጭታው አይታይም። ሰማያዊና ቀጭ የሚል ከሆነ እሳቱ ደህና ነው። ከሌለ የማጥፊያዋን ሽቦ ንቀሏትና እንደገና ሞክሩ። ይህች ሽቦ ሥራዋ ሞተሩን ማጥፋት ነው፤ ልባሷ ተልጦ ብረት ከነካች ሞተሩ ሁልጊዜ እንደጠፋ ይቀራል። ብዙ ቦቢና በከንቱ የሚቀየረው በዚህች ሽቦ ምክንያት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ውኃ በካንዴላው ጎማ ቆብ ውስጥ ይገባል፤ ቆቡን አውጥታችሁ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ብቻውን የሚያስነሳው ጊዜ ብዙ ነው።

ካንዴላውን በእጃችሁ ከያዛችሁ አይቀር ጫፉን አንብቡት። ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ደህና እየበላ ነው። እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ደርሶታል፣ አልነደደም። ደረቅና ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ በዝቶበታል፣ አየሩ አንሶታል።

እዚህ ጥቁሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ዋና ጣጣ ነውና። ከተማችን በአማካይ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ካርቡራቶሩ ግን የተስተካከለው ዝቅ ባለ አገር፣ ወፍራም አየር እንዲስብ ታስቦ ነው። ቤንዚኑን በለመደው ልክ ይሰጣል፤ አየሩ ግን ያን ያህል የለም። ስለዚህ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጠዋት ያስቸግራል፣ ዳገት ላይ ይደክማል። ዕቃ ይዛችሁ ወደ ደብረ ብርሃን የወጣችሁ አይታችሁታል፤ እዚያ ከፍታው ከ2,800 ሜትር ስለሚበልጥ ይብስበታል። ወደ አዳማ ስትወርዱ ያው ሞተር ነፍስ ይዘራል። ሞተሩ አልታመመም። መፍትሔው በመጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ማጽዳት ነው፤ የኛ አቧራ ሲደፍነው ያለችውን አየር ጭራሽ ይከለክለዋል። ካልበቃ በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችውን መርፌ አንድ እርከን ዝቅ ማድረግ፣ ያም ካልበቃ ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ናስ ቀዳዳዋ በጠበበ መለወጥ ነው። አዲስ ካንዴላ መግዛት ግን ለሳምንት ያስታግሣል እንጂ አያድንም፤ አዲሱም ይጠቁራል። ኮምፒውተር ያለው፣ ቤንዚን በመርጨት የሚሠራ ሞተር ሳይክል ያላችሁ ይህ አይመለከታችሁም፤ ራሱ ያስተካክላል።

ቾክንም እናንሣ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ ሲያይል ቾክ ያስፈልጋል። ግን ቾክ ዘግቶ ደጋግሞ መርገጥ ሲሊንደሩን በቤንዚን ያጥለቀልቃል። ያ ሲሆን ቧንቧውን ዝጉ፣ ቾኩን ክፈቱ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዛችሁ ብዙ ጊዜ ርገጡ። ካንዴላውን አውጥታችሁ አድርቁ። ከዚያ ሞክሩ።

የቤንዚኑ ጉዳይ አጭር ነው። ቧንቧው ተከፍቷል? የሰልባቲዮው ክዳን ላይ ያለችው ትንሽ የአየር ቀዳዳ ተደፍና ከሆነ ቤንዚን አይወርድም፤ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ሞክሩ። ቱቦውን ከካርቡራቶሩ ነቅላችሁ ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ ቤንዚን አውርዱና አስቀምጡት። ከሥሩ የተለየ ነገር ከተንጣለለ ውኃ ነው። በመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ ቤንዚን ገዝታችሁ ካስገባችሁ ይህን ሳታደርጉ ካርቡራቶር አትፍቱ።

ኮምፕሬሽኑን ለማወቅ ደግሞ በካንዴላው ቀዳዳ ላይ አውራ ጣታችሁን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ሞተሩን አዙሩ። ጣታችሁን ገፍቶ ማስነሳት አለበት። ካልገፋ ፋሻው አልቋል፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ በባለ አራት ምቱ ደግሞ ቫልቮላው አልዘጋ ብሏል። ይህ የጋራዥ ሥራ ነው፤ ውሰዱት። አሁን ግን ጋራዥ የምትገቡት "አልነሳ አለኝ" ብላችሁ አይደለም። "እሳት አለው፣ ቤንዚን ይደርሳል፣ ኮምፕሬሽን ግን የለውም" ብላችሁ ነው። እንዲህ ብሎ የሚገባ ሰው አይታለልም።

"ይህ ሁሉ ትምህርት ነገ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ምን ይሆናል?" የሚል ይኖራል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎችም በከተማችን እየበዙ ነው። እነሱም አልነሳ ይላሉ፤ ጥያቄውም ያው ነው። ኤሌክትሪኩን አጥፍታችሁ በእጅ ግፉት። በቀላሉ ከሄደ ባትሪውን፣ ማገናኛዎቹንና የፍሬን እጀታው ላይ ያለችውን ማቋረጫ እዩ፤ ያቺ ማቋረጫ ተይዛ ከቀረች ማሽኑ ፍሬን እንደተያዘ ቆጥሮ ጉልበት አይሰጥም። እየተንገጫገጨ የሚቋቋም ከሆነ ደግሞ ፍሬኑ ካልያዘ በቀር ከሞተሩ የሚመጡት ወፍራም ሽቦዎች እርስ በርስ ተነካክተዋል፣ ወይም መቆጣጠሪያው ተቃጥሏል። ይዞራል ወይስ አይዞርም? ከዚህ ይጀመራል።

ልጆች ያላችሁ ወላጆች፣ ስለ ትምህርት አንድ ነገር ልበላችሁ። በ1930ዎቹ ዓ.ም. የተከፈተው የሙያ ትምህርት ቤት፣ ተግባረ እድ፣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። እጁ መፍቻ የሚወድ ልጅ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ ካላችሁ "እጅህን በግራሶ አታቆሽሽ" አትበሉት። ላኩት ይማር።

የመጨረሻው ቃሌ ጋራዥ ለምትሠሩ የሙያ ባልደረቦቼ ነው። ደንበኛው ሞተሩ አጠገብ ቆሞ እንዲያይ ፍቀዱለት። ከመፍታታችሁ በፊት አይዞርም ወይስ ይዞራል ብላችሁ ጠይቁት። የምትቀይሩትን አሮጌ ዕቃ ሁሉ ከነገ ጀምሮ ለባለቤቱ እጁ ላይ አስረክቡት፤ ለምን እንደተቀየረም አሳዩት። ደንበኞችም ካልተሰጣችሁ ጠይቁ፤ ዕቃው የናንተ ነው።

 ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ።